ያልታደሰው የፓምፕ ውል

ጋሽ ዳኛቸው በቀራንዮ ሰፈር የእድር ቅጣት ከፍለው የማያውቁ ሰው ናቸው። ሌላው በዝናብ ያሳብባል፣ በሥራ ያሳብባል፤ እሳቸው ግን የወሩ መጀመሪያ እሑድ ሲሆን ኮታቸውን ለብሰው፣ ወንበሩ እንኳ ሳይደረደር ይደርሳሉ። "እድር ማለት" ይላሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ "ሞት ሳይመጣ የሚዋጣ ነው። ሞት ደጅ ከቆመ በኋላ መዋጮ የለም!" እውነታቸውን ነው። ይህን እያወቁ ነው እንግዲህ እሳቸው ራሳቸው ያንን ያደረጉት፤ የሚያንገበግበውም ይኸው ነው።

ድሮ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ሰፈሩ የእድሩን ንብረት አስረከባቸው፤ ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሮቹን፣ ብረት ድስቶቹን፣ ሳህንና ኩባያውን። ከዚያ ወዲህ አንዲት ማንኪያ ጎድላ አታውቅም። ለቅሶ አልቆ ዕቃ ሲመለስ በር ላይ ቆመው፣ "የዚች ኩባያ ጆሮ የት ሄደ?" እያሉ ሐዘንተኛውን ያስደነግጡታል። ባለቤታቸው እትዬ ብዙነሽ ናቸው የሚገላግሉት። "አንተ ሰውዬ፣ ሰው ሞቶበታል እኮ! ኧረ እፈር!"

ልጅ አልወለዱም። "የእነሱ ልጅ ድንኳኑ ነው" እየተባለ ይቀለድባቸዋል፤ ቀልዱም ከእውነት ብዙ አልራቀም። ድንኳኑ በተተከለ ቁጥር የሆነ ቦታ ይቀደዳል። ሲመለስ እትዬ ብዙነሽ ግቢው ውስጥ ይዘረጉትና፣ ወፍራም መርፌና ሲባጎ ይዘው፣ የጸሎት ቤታቸውን መዝሙር እያንጎራጎሩ ይሰፉታል። "ጠበቅ አድርጌ ነው የምሰፋው" ይላሉ እየሳቁ። "ለእኔም የሚለቀሰው በዚሁ ሥር ነው። ዝናብ እንዲያንጠባጥብባችሁ አልፈልግም።"

ቤታቸው ቁልቁለት ላይ ነው። ከፊት ከመንገዱ እኩል ነው፤ ከኋላ ግን መሬቱ ወደ ወንዙ ስለሚወርድ፣ ከወለሉ ሥር ጎንበስ ተብሎ የሚገባበት ክፍት ቦታ አለ። ታች ቤት ይሉታል። የእድሩ ዕቃ የሚቀመጠው እዚያ ነው። በጋ በጋ ደረቅ ነው፤ ክረምት ሲገባ ግን ከግድግዳው ሥር ውሃ ያመነጫል፤ ዝም ካሉት ጉልበት ይደርሳል። ስለዚህ ጋሽ ዳኛቸው ንብረቱን ሲረከቡ ጉድጓድ አስቆፍረው ውሃ የሚያስወጣ ፓምፕ አስገቡ። ውሃው ከፍ ሲል ተንሳፋፊዋ ኳስ ተነስታ ፓምፑን ታስነሳዋለች፤ ውሃው ወደ ውጭ ተገፍቶ ሲያልቅ ራሱ ይጠፋል። ክረምቱን ሙሉ ከወለሉ ሥር ያጉረመርማል። እትዬ ብዙነሽ ድምፁን ከመልመዳቸው የተነሳ የሚደነግጡት ዝም ሲል ነበር።

ፓምፑን የገጠመው ገሜዳ ነው፤ ጦር ኃይሎች ትንሽ ሱቅ ያለው፣ አፉ የማያርፍ፣ በቀጠረው ሰዓት መጥቶ የማያውቅ ሰው። ከእሱ ጋር የዓመት ውል ነበራቸው። በየዓመቱ ግንቦት ሊያልቅ ሲል ይመጣል፣ ፓምፑን አውጥቶ ጭቃውን ያጥባል፣ የኮረንቲ ገመዱን አይጥ እንዳልበላው ያያል፣ ያረጀውን ይቀይራል። ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ ፓምፑ ቢቆም ዋስትናው እሱ ነው፤ ተጠርቶ ይመጣል፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሠራል። ሊሄድ ሲል ደግሞ እትዬ ብዙነሽን አንድ ነገር ሳይነግራቸው አይወጣም። "ማዘር፣ ውሃ ካዩ እንዳይወርዱ። መብራቱን ከቆጣሪው ያጥፉና ለእኔ ይደውሉ። ውሃና ኮረንቲ ጠላት ናቸው።" የውሉን ክፍያ የሚከፍለው እድሩ ነበር፤ ዕቃው የእድሩ ነዋ።

ነገር የተበላሸው የእድሩ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ነው። ሰብሳቢው ሐጂ ሀያቱ፣ ኮልፌ ብርድ ልብስ የሚነግዱ ደግ ሰው፣ የዓመቱን ወጪ ሲያነቡ "ለፓምፕ ጥገና" የምትል ቦታ ላይ ደረሱ። ይኼኔ ኪዳን የሚባለው፣ ካልቀለደ ውሎ የማያድር ሰውዬ፣ ከኋላ ሆኖ፣ "ጋሽ ዳኛቸው ታድለው! ቤታቸውን እድር ያድስላቸዋል" አለ። ሰው ሳቀ። ሐጂ ሀያቱም ሳቁ። ክፋት አልነበረውም፤ ኪዳን ራሱ ከበሩ ሳይወጣ ረስቶታል።

ጋሽ ዳኛቸው አልሳቁም። ጆሯቸው ጋለ። በፋብሪካው ዘመን እንኳ አንድ ክር ይዞ ወጣ ያልተባለ ሰው፣ አሁን በስተርጅና፣ በሰፈር ፊት! ተነሱና፣ "ከዛሬ ጀምሮ የፓምፑን ነገር ለእኔ ተዉት። የእድር ሳንቲም ቤቴ እንዲገባ አልፈልግም" አሉ።

"ኧረ ጋሽ ዳኛቸው፣ ቀልድ እኮ ነው!" አሉ ሐጂ ሀያቱ።

ማን ሰምቶ! እልህ ምላጭ ያስውጣል።

ግንቦት ሲደርስ ውሉን ከጡረታ ላይ ማደስ ከበዳቸው። ከበደኝ ብሎ ወደ እድሩ መመለስ ደግሞ የማይታሰብ ነው። እናም ምክንያት ፈለጉ፤ ምክንያት ለፈለገው አይጠፋም። ፓምፑ አንድ ቀን ተበላሽቶ ያውቃል? አያውቅም። ታዲያ ገሜዳ በየዓመቱ ምን ሊሠራ ይመጣል? እየለፈለፈ ጭቃ ሊያጥብ! ላልታመመ ሰው ሐኪም ይጠራል እንዴ? ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ተረት ለሰው ሁሉ የሚያስተምሩት ሰውዬ፣ ፓምፑ ያልተበላሸው ስለታየ መሆኑን ማሰብ አልፈለጉም። ለእድርስ በየወሩ የሚከፍሉት በየወሩ እየሞቱ ነው?

ገሜዳ እንደ ልማዱ ከቀጠሮው ዘግይቶ፣ የመፍቻ ቦርሳውን አንጠልጥሎ መጣ። እትዬ ብዙነሽ ጸሎት ቤት ሄደው ነበር። ጋሽ ዳኛቸው በሩን ገርበብ አድርገው ቆሙ።

"ዘንድሮ ይቅር፣ ገሜዳ።"

"ምን አጠፋሁ ጋሼ?"

"ምንም። ፓምፑ ደህና ነው።"

"ገንዘቡ ከሆነ ችግር የለም፣ ዘንድሮ በነፃ ልየው። ሌላው ይቅር፣ ገመዱን ብቻ። አይጥ አይታመንም።"

በነፃ የምትለው ቃል ናት ነገሩን ያባሰችው። "ምጽዋት ለመንኩህ እንዴ?" አሉ ጋሽ ዳኛቸው። ገሜዳ ደነገጠ፤ ቦርሳውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረና "ይቅርታ ጋሼ" ብሎ ሄደ።

ማታ እራት ላይ እትዬ ብዙነሽ ጠየቁ። "ገሜዳ ቀረ እንዴ? ክረምቱ እኮ ደረሰ።"

"መጥቶ ነበር" አሉ ጋሽ ዳኛቸው። ይኼ እውነት ነው። "አይቶት ሄደ" አሉ ቀጥለው። ይኼ ውሸት ነው።

"ጌታ ይባርከው" አሉ እትዬ ብዙነሽ፤ ጎመኑን ወደ እሳቸው ገፋ እያደረጉ። "ሻይ እንኳ ሳይጠጣልኝ!"

ሐምሌ ላይ ነው። ጋሽ ዳኛቸው ጡረታቸውን ሊቀበሉ ጦር ኃይሎች ወርደው ሳለ ሰማዩ ተቀደደ። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ፣ አስፋልቱን ወንዝ ያደረገ ዝናብ። አንድ ጫማ ቤት በረንዳ ላይ ከብዙ ሰው ጋር ተጠለሉ። ቀና ሲሉ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ የገሜዳ ሱቅ ነው። በሩ ክፍት ነው፤ ገሜዳ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዝናቡን ያያል። ልሻገር? ተሻግሬ ምን ልበል? ስልካቸውን አወጡና ቤት ደወሉ።

"ብዙዬ፣ ዝናቡ እንዴት ነው?"

"ኧረ አይነሳ! ጉድ ነው።"

"ፓምፑ ይሰማል?"

"አሁን እሱን ልነግርህ ነበር። አይሰማም። ከበሩ ላይ ሳይ ውሃው ወለሉን ይዞታል።"

"መብራት ጠፍቶ ይሆናል" አሉ። እንዲጠፋ ለመኑ፤ ከልባቸው ለመኑ።

"የለም፣ መብራትማ አለ፤ ምጣዴም ይሠራል። ዳኜ፣ ድንኳኑ ከታች ነው ያለው። ወንበሮቹ ላይ ላውጣው። ገሜዳ አትውረዱ ይላል፤ ግን ዘንድሮም አይቶት የለ?"

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ሁለት ቃል ይበቃ ነበር፤ "አላየውም፣ እንዳትወርጂ።" ሊሏትም ነበር። ካላየው ለምን ዋሸኸኝ ትላለች። ለአንድ ቀልድ ብለህ ትላለች። ቤት ደርሼ ቁጭ ብዬ እነግራታለሁ አሉ በሆዳቸው።

"ቆይ፣ እኔ መጣሁ" አሉ።

"እስክትመጣማ ይበሰብሳል! በል ቻው፣ ውሃው እየጨመረ ነው።" ስልኩ ተዘጋ።

በዝናቡ ወጡ። ወደ ገሜዳ አልተሻገሩም፤ ታክሲ ተጋፍተው ገቡ። መንገዱ ተዘጋግቷል። መልሰው ደወሉ፤ ይጠራል፣ አይነሳም። አሁንም ደወሉ። አጠገባቸው የተቀመጠች ሴት፣ "አባባ፣ ምነው? ላብ አጠመቀዎት" አለቻቸው። "እንዳትወርጂ" አሉ ጋሽ ዳኛቸው፣ ለማይነሳው ስልክ። ከፌርማታው ጀምሮ በዚያ ዕድሜያቸው ሮጡ።

ግቢው በሰው ተሞልቷል። ጎረቤታቸው አየለች ጭቃ ላይ ተቀምጣ ደረቷን ትመታለች። ቀድማ የደረሰችው እሷ ናት፤ ከታች አንዴ ጩኸት ሰምታ ስትሮጥ እትዬ ብዙነሽን ውሃው ውስጥ ወድቀው አየቻቸው፤ ልትገባ ስትል ኪዳን ከኋላ ጎትቶ አስቀራት፤ ከዚያም ሮጦ መብራቱን ከቆጣሪው አጠፋ። የፓምፑን ገመድ አይጥ በልቶት ሽቦው ተራቁቷል። ከድንኳኑ ግማሹ ወንበር ላይ ወጥቷል፤ ግማሹን እንዳቀፉት ነበር።

በማግስቱ ቀበሯቸው። ድንኳኑ የጭቃ ውሃ እያንጠባጠበ አጥር ላይ ተሰጥቶ ስለነበር፣ ሐጂ ሀያቱ ከታችኛው ሰፈር እድር ተውሰው አመጡ። ያንን የተውሶ ድንኳን ሲተክል የዋለው ኪዳን ነው፤ ዓይኑ በልቅሶ አብጦ ካስማ ሲመታ ዋለ። ያቺን ቀልድ አያስታውሳትም። ማስታወስም አይገባውም።

ገሜዳ በሦስተኛው ቀን መጣ። አጠገባቸው ተቀመጠ። ከዚያ ወደ ጆሯቸው ጎንበስ ብሎ፣ "ጋሼ" አለ፣ "አንድ ነገር ሆዴን እየበላኝ ነው። ሰኔ ላይ እትዬ ብዙነሽን ታክሲ ውስጥ አግኝቻቸው ነበር። 'ፓምፑን ስላየህልን ጌታ ይባርክህ፣ ሻይ ሳትጠጣ ሄድክ አሉ' አሉኝ።"

ጋሽ ዳኛቸው ፊታቸውን አዞሩ።

"እኔ ምን ልበል? ባላቸውን ላሳጣባቸው? በባልና ሚስት መሀል ልግባ?" ገሜዳ መዳፉን በመዳፉ አሸው። "አሜን አልኳቸው፣ ጋሼ። አሜን ብዬ ወረድኩ።"

ይሉኝታ! እኚህ ሳይናገሩ፣ እሱም ሳይናገር፣ በሁለት ጨዋ ሰው ዝምታ መሀል አንዲት ሴት ውሃ ውስጥ ገባች።

ከፊት ያሉ አንድ ሽማግሌ፣ ለማጽናናት ነው፣ "ቀናቸው ነው እንግዲህ፤ ቀን ከደረሰ ማን ያስቀረዋል" አሉ። ሰውም "እውነት ነው፣ ቀን ነው" አለ።

ጋሽ ዳኛቸው ብድግ አሉ። "ቀኗ አልነበረም!" ጮኹ። "ገሜዳ አላየውም! ከበር መለስኩት። አይቶታል ብዬ ዋሸኋት። እሷ አምናኝ ነው የወረደችው። እኔ ነኝ! ሰማችሁ? እኔ ነኝ የገደልኳት!"

ገሜዳ አቀርቅሮ ቀረ። ሐጂ ሀያቱ ተነስተው ክንዳቸውን ያዙ። "አይዞዎት ጋሽ ዳኛቸው፣ አይዞዎት። ሐዘን ነው፣ ያናግራል። አሁን አረፍ ይበሉ።" ኪዳን ውሃ በኩባያ ይዞ መጣ። "ምስኪን፣ ስንት ዓመት አብረው ኖረው" አለች አንዷ ከወዲያ። ማንም አላመናቸውም። ቅጣት እንኳ ከፍለው የማያውቁ ሰው፣ ዛሬ ክፈል የሚላቸው አጡ።

ዝናቡ እንደገና ጀመረ። የተውሶው ድንኳን በአንድ በኩል ቀዳዳ ነበረው፤ የሚሰፋለት ሰው አላገኘም። ጠብታው እየተከታተለ ትከሻቸው ላይ ያርፋል። ጋሽ ዳኛቸው ቀና ብለው ቀዳዳውን አዩት፣ እንደ ንብረት ጠባቂ ልማዳቸው በእጃቸው ዳሰሱት፤ ከዚያ ወደ ቤቱ በር ዞረው፣ "ብዙዬ" ብለው ተጣሩ፣ "እዚህ ጋ ተቀዷል። መርፌሽን ይዘሽ ነይ።"