ማንም ተርጉም ያላለው

ማተሚያ ቤት ውስጥ ስሙን የሚጠራው የለም፤ «ድልድዩ» ነው የሚሉት። የቤቱ ባለቤቶች ሁለት ወንድማማቾች ናቸው፤ ከተኳረፉ ስድስት ዓመታቸው። ትልቅየው ጋሼ ፎቅ ላይ ቢሮ፣ ትንሽየው ምድር ቤት ማሽኑ ጋ፣ መሃል ደረጃው ላይ እሱ። ጋሼ «ያን ደንቆሮ ቀለም አታባክን በለው» ካሉ፣ ወርዶ «ቀለሙ በቃህ ወይ ይላሉ» ይላል። ከታች «እሱ ስለ ቀለም ምን ያውቃል» ሲባል ደግሞ ወጥቶ «ያመሰግናል» ይላል።

ያን ቀን የትምህርት ቤት ሰርተፍኬት ነበረባቸው፣ ሁለት መቶ አርባ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት። አንዱን የምትወስደው የድልድዩ ልጅ ናት። ካልደረሰ ልጅቷ መድረክ ላይ ወጥታ ባዶ እጇን ልትመለስ ነው።

ጋሼ ጠዋት «በዘጠኝ ካልደረሰ ማሽኑንም እሱንም ለብረት ለቃሚ እሸጣለሁ በለው» አሉ። ድልድዩ ወረደና «አትጨናነቅ፣ ቀስ ብለህ ሥራ ብለዋል» አለው።

ከዚያ ፎቅ ወጥቶ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጠ። የእህቱ ልጅ፣ ሁለት መቶ አርባ ፋይል አንድ በአንድ ከምትከፍት ብላ፣ ዩኒክስ መሰል ጥቁር መስኮት ጭናለታለች። እዚያ ትእዛዝ ይጽፋል፤ ወደ ታች ማሽን የሚልከው ፕሮግራም ግን የዊንዶውስ ነው። የፋይል አድራሻ ሲጻፍ የዩኒክሱ ጭረት ወደ ቀኝ ያዘማል፣ የዊንዶውሱ ወደ ግራ። ጥቁሩ መስኮት መሃል ገብቶ ይተረጉምላቸዋል።

መጨረሻ ላይ «አትም» የምትለዋን ምልክት፣ አንድ ጭረትና ፒ፣ ጻፈና ተጫነ። ፕሮግራሙ «እንዲህ የሚባል ፋይል የለም» አለው። የፎልደሩን ስም ቀየረ። የለም። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አበራ። የለም። ወንበርም ለወጠ። ሰባት ተኩል ሲሆን የእህቱ ልጅ ጋ ደወለ።

«አጎቴ፣ ፒዋ ፊት ጭረት ስላለ፣ ጥቁሩ መስኮት አድራሻ መስላው ተርጉሟታል። ፕሮግራሙ ትእዛዝ ሲጠብቅ ፒ የሚባል ዲስክ አድራሻ ነው የደረሰው።»

«ማን ተርጉም አለው?»

«ማንም። እንዳንተ ነው።»

ድልድዩ እስክሪብቶ አነሳ።

«ጭረቷን ሁለት አድርጋት። ያኔ አንዷን ጥሎ ትእዛዟን እንዳለች ያሳልፋታል።»

ሁለት አደረጋት። «ተልኳል» አለ ፕሮግራሙ። ድልድዩ ጆሮውን ወደ ደረጃው ጣለ። ከታች ምንም የለም። እየሮጠ ሲወርድ ማሽኑ ጠፍቷል፣ ትንሽየው የወረቀት ክምር ላይ ጋደም ብሏል።

«ምነው?»

«ቀስ ብለህ ሥራ አላልከኝም?»

ልጁ መድረኩ ላይ ቆማ ታየችው።

«ጋሼ እንደዛ አላሉም» አለ አንገቱን ደፍቶ። «በዘጠኝ ካልደረሰ ማሽኑንም እሱንም ለብረት ለቃሚ እሸጣለሁ ነው ያሉት።»

ትንሽየው ቀስ ብሎ ተነሳ። ፊቱ ፈካ።

«ይሄ ነው የኔ ወንድም። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ይሄ ሰው ታሟል እንዴ እያልኩ ስጨነቅ ነበር።»

ማሽኑን አስነሳው። ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ሲል ሁለት መቶ አርባው ታሰረ፤ የልጁ ሰርተፍኬት ገና ትኩስ ነበር።

«እሱንም፣ ማሽን የሚሸጥ ሰው መጀመሪያ ደረጃ መውረድ ይልመድ በለው» አለ ትንሽየው።

ድልድዩ እንዳትለሰልስበት ቃል በቃል እየደጋገማት ደረጃውን ወጣ።