ስድሳ አምስት ቁጥር መብራት

ካርቱም፣ አል-ሳሃፋ ሰፈር ባለው ሱቄ የውጭ መብራት ሊገዛ የሚመጣ የአገሬ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ባልዲ ነው። ደገኛ ስለሆንን ጠላታችን ዝናብ ይመስለናል። ካርቱም ላይ ዝናብ እንግዳ ነው፤ ቤተኛው አቧራ ነው። ይህን ብነግራቸውም መብራቱ ውሃ ውስጥ ካልተነከረ አያምኑኝም።

አንድ ቀን ሶባ ሰፈር የሚኖሩ አንዲት የአገሬ እናት መጡ። ልጃቸውን ለሱዳናዊ ሊድሩ ነው፤ ድግሱም ግቢያቸው ውስጥ ነው። በቀለበቱ ዕለት ሀቡብ፣ ያ ሰማዩን የሚያለብሰው የአቧራ ማዕበል፣ መብራታቸውን ገድሎባቸው የሙሽራው እናት «በዳበሳ አበሉኝ» እያሉ ያወራሉ።

«አሁንም ከጠፋ በዚያች ሴት አፍ አለቅኩ» አሉኝ።

ቻርጅ የሚደረግ መብራት አወጣሁላቸው። ጀርባው ላይ «አይፒ 65» ይላል።

«ባልዲ አምጣ።»

«እትዬ፣ ይሄ አይነከርም። ስድስቱ የአቧራ ነው፤ ለአቧራ ከስድስት በላይ የለም። አምስቱ የውሃ ነው፤ በቱቦ ቢረጩት ይችላል፣ ዋና ግን አልተማረም። የሚነከረው መጨረሻው ሰባት የሆነው ነው።»

«እንግዲያው ሰባቱን አምጣ!»

ሰባት ሱቄ ውስጥ ስላልነበረ ስለ ሰባት ክፉ መናገር ግድ ሆነብኝ።

«ሰርጉ አባይ ውስጥ ነው እንዴ?»

«የአንተስ ምላስ ስንት ቁጥር ነው?» አሉና ሳቁ። ሲስቁ ግን ቦርሳቸውን አልከፈቱም።

የቻርጁን ክዳን ጥርቅም አደረግሁ፤ እሱ ክፍት ከሆነ ቁጥሩ ሁሉ ወሬ ነው። ከጎረቤቴ መኪና አጣቢ ቱቦ ተውሼ ረጨሁት። አደረቅሁና ደግሞ ዱቄት ውስጥ ቀብሬ አወጣሁት። እንደበራ ነው።

«ያላ፣ አስር አድርገህ ጠቅልልልኝ!» አሉ።

ሰርጉ ላይ ተጠራሁ። ገና ራት ሲቀርብ ሀቡቡ መጣ። የሙሽራዋ ቬሎ ቡና መሰለ፤ የሁላችንም ሽፋሽፍት አንድ ቀለም ሆነ። መብራቶቹ ግን ንቅንቅ አላሉም። የሙሽራው እናት በዚያ ብርሃን ሥር የዶሮ ወጡን ሳህን ከፍ አድርገው፣ አዘንብለው፣ በጣታቸው ነካ አድርገው መመርመር ጀመሩ።

የሙሽራዋ እናት እየሮጡ መጥተው ክንዴን ያዙኝ።

«አንተ ልጅ፣ አጥፋልኝ!»

«ምኑን፣ እትዬ?»

«መብራቱን ነዋ! አሸዋውን እየቆጠረችው ነው!»