ሐዋርያዊ ጉዞ ወደ ቅኔ ቤት

በሕይወቴ አንድ ጊዜ ሐዋርያ ሆኜ አውቃለሁ። ሹመቱ የቆየው አራት ቀን ብቻ ነው፤ ከአራቱም ሁለቱ በመንገድ አለቁ።

ጊዜው ጃንሆይ ከዙፋን ሊወርዱ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩ ነው። እኔ ደብረ ማርቆስ ዐሥረኛ ክፍል ነበርሁ፤ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ገና መቋቋሙ ነበር። መሪያችን ከዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት አገልግሎት የተላከ የአዲስ አበባ ልጅ ሲሆን ጂኦግራፊ ያስተምረን ነበር። ጠጉሩን እንደ ዘመኑ አጎፍሯል፤ የሱሪው እግር ከታች ሰፍቶ መሬት ይጠርጋል። ልቡ ግን ደግ ነበር፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ችግሩ አገሩን የሚያውቀው በካርታ ብቻ መሆኑ ነው።

አንድ እሑድ ካርታውን ግድግዳ ላይ ሰቀለና ትምህርት ቤት ባለበት ሁሉ ቀይ ነጥብ እንዳደረገ አሳየን። ከዚያ ጣቱን ዲማ አጠገብ፣ ነጥብ በሌለበት ባዶ ቦታ ላይ አሳረፈ።

"እዚህ አንድም ትምህርት ቤት የለም" አለ። "ሕዝቡ የሚያስተምረው አጥቶ በጨለማ ተቀምጧል። የመጀመሪያው ሐዋርያዊ ጉዟችን ወደዚህ ነው።"

አጨበጨብን። የጎጃም ሰው ይህን ሲያነብ እንደሚስቅ አውቃለሁ። ጣቱ ካረፈበት ደብር ግቢ ዙሪያ መቶ የሚያህል የቅኔ ተማሪ በሣር ጎጆ ተኮልኩሎ ነበር። ካርታው ላይ ያልገቡት ደበሎ ለባሾች ስለሆኑና ከመንግሥት ቆጣሪ ይልቅ ውሻ ስለሚያውቃቸው ነው። ለቀባሪው አረዱት የሚባለውን ተረት እኛ ጓዛችንን ጠቅልለን ልንፈጽመው ተነሣን።

እኔ ይህን ሁሉ ከማንም የበለጠ አውቅ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ከዚያው ደብር ጠፍቼ የመጣሁ ተማሪ ነኝና።

አጠፋፌ እንዲህ ነው። የኔታ ሦስት ዓመት ቅኔ አስተምረውኛል። ተስቦ ይዞኝ ጎጆዬ ውስጥ ስወድቅ ጓደኞቼ ፈርተው ራቁኝ፤ እሳቸው ግን ቤታቸው አስገብተው፣ ከራሳቸው መደብ አጠገብ አስተኝተው፣ አንድ ወር ሙሉ አጥሚት በእጃቸው አጠጥተውኛል። ሲቆጡ "አንተ ደነዝ" ይሉኛል፤ ሲደሰቱም "አንተ ደነዝ" ይሉኛል። ልዩነቱን የምናውቀው እኔና እሳቸው ነበርን። ወንበሬን ትወርሳለህ ብለውኝም ነበር። እኔ ግን ከደብረ ማርቆስ የተመለሰ አንድ ነጋዴ ስለ ጫማና ስለ ኤሌክትሪክ መብራት ሲያወራ ሰማሁና ልቤ ሸፈተ፤ በአንድ የገበያ ቀን ከገበያተኛ ጋር ተቀላቅዬ ወጣሁ። አልተሰናበትሁም። ይከለክሉኛል ብዬ አልነበረም፤ መርቀው እንደሚሸኙኝ አውቅ ነበር። የፈራሁት ያንን ምርቃት ነው።

ደብረ ማርቆስ ስገባ ቁራሽ ለምኜ መማሬን ለመደበቅ የአማኑኤል ከተማ ልጅ ነኝ፣ አባቴም የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው አልሁ። ግዕዙን ከየት አመጣኸው ሲሉኝ ያንኑ ጸሐፊ አባቴን ጠራሁ። በዚህ ውሸት የሰንበት ትምህርት ቤቱ "የግዕዝ ክፍል ኃላፊ" ሆኜ ተሾምሁ። በክፍሉ ውስጥ ከኃላፊው በቀር ሰው አልነበረም። እንግዲህ አልሄድም ብል ምክንያት ልጠየቅ ነው፤ ብሄድ ደግሞ ልታወቅ ነው። የኔታ በጓደኞቼ ፊት "አንተ ደነዝ፣ የት ጠፍተህ ከረምህ?" ካሉኝ አለቀልኝ። ሹመት ደግሞ ይጣፍጣል። ሄድሁ።

ዘጠኝ ሆነን በጨው ጆንያ ላይ ተቀምጠን እስከ ብቸና በጭነት መኪና፣ ከዚያ በእግር ተጓዝን። ጓዛችን አንድ ከበሮ፣ የተተኮሰ ነጭ የመዘምራን ልብስ፣ ሁለት ሳጥን ጠመኔና አንድ ትልቅ ጥቁር ሰሌዳ ነበር። ሰሌዳውን በተራ እንሸከማለን ተብሎ ተወስኖ ነበር፤ ተራው ግን እንደምንም እየዞረ እኔ ላይ ይወድቃል። መንገድ ላይ ያገኘን አንድ ገበሬ ሰሌዳውን ጀርባዬ ላይ አየና "አይዞህ ወንድሜ፣ የማን ቤት በር ነው?" አለኝ። የቤተ ክርስቲያን ነው ብዬ አለፍሁ።

ደብሩ የደረስነው ለአስተርእዮ ማርያም ዋዜማ ነው። ሕዝቡ እግራችንን አጥቦ፣ አብልቶ አሳደረን። ያረፍንበት ቤት እመቤት የመሪያችንን ጎፈሬ አይተው ደነገጡ፤ በዚያ አገር ወንድ ጠጉሩን የሚያሳድገው ሐዘን ሲገባው ነው። አጠገቡ ተቀምጠው "ምነው ልጄ፣ ማን ሞተብህ?" አሉት። እሱም ማንም አልሞተብኝም አላቸው። ሴትዮዋ ሐዘኑ ጠንቶበት የሚክድ መስሏቸው አለቀሱ።

በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ ሰሌዳውን በግቢው ካለ የጽድ ዛፍ ግንድ ጋር አስደግፌ ያዝሁት። የቅኔ ተማሪዎቹ ደበሎአቸውን እንደ ለበሱ ሣሩ ላይ ተደረደሩ። ከግማሽ የሚበልጡት የድሮ ጓደኞቼ ናቸው። አንዱም ስሜን አልጠራም። ይህ ቢያስደስተኝ ይገባ ነበር፤ ግን ፊታቸውን ሳየው ዝምታቸው ለእኔ አዝነው እንዳልሆነ ገባኝ። ጨዋታ ተገኝቷል፤ ጨዋታ ደግሞ አይቋረጥም።

መሪያችን "ፊደል የማታውቁ እጃችሁን አውጡ" አለ።

መቶ እጅ ወጣ። ከነዚያ ውስጥ ያን ጠዋት የጳውሎስን መልእክት ያነበበው ዲያቆን ይገኛል። ዳዊትን በቃሉ የሚወጣውን፣ የአራቱን ወንጌል ትርጓሜ ሊጀምር የተቃረበውን ልቁጠረው ብል አልዘልቀውም። የመሪያችን ዓይን እንባ አቀረረ። ከዚያ "ሀ" አለ፤ መቶ ጎረምሳ በአንድ ጊዜ፣ በሚያምር የዜማ ስልት፣ አንዱ በዕዝል አንዱ በግዕዝ "ሀ" ብሎ ግቢውን አናወጠው። መሪያችን ወደ እኔ ዞሮ "ምን ያህል እንደተጠሙ አየህ?" አለኝ።

ፊት ለፊት የተቀመጠው አንድ ጎጆ ውስጥ አብሮኝ የኖረ ልጅ ነው። እጁን አወጣና ዓይኑን ዓይኔ ላይ ተክሎ "ጌታው፣ ይቺ 'ለ' ናት ወይስ 'ሐ'? እግሯን መቁጠር አቃተኝ" አለ።

"'ለ' ናት" አልሁት።

"እግዜር ይስጥልኝ። እናቴ ይህን ሳታይ ሞተች" አለ። እናቱ ባለፈው ወር እንኳ ስንቅ ይዛ መጥታ ነበር፤ ይህን የነገረኝ እሱ ራሱ ነው፣ በኋላ፣ ደብረ ማርቆስ ሲመጣ።

ቀጥሎ ስብከት ሆነ። መሪያችን ስለ ደጉ ሳምራዊ ሰበከ፤ ጥሩ አድርጎም ሰበከ። የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ ዐሥራ ሁለት ላይ እንደምናገኘው ሲል ብቻ ከኋላ በከዘራው የተደገፈ አንድ ሽማግሌ ቀስ ብሎ "ዐሥር ነው ልጄ፤ ግድ የለም፣ ቀጥል" አለው። ቀጠለ።

የኔታ ይህን ሁሉ ከደጀ ሰላሙ በር ላይ ተቀምጠው ያያሉ። ወደ እኔ አንድም ጊዜ አልተመለከቱም። እኔ ደግሞ ያልታወቅሁ መስሎኝ በልቤ እመቤቴን አመሰግን ነበር፤ ሞኝነቴ!

ከዚያ ለዝክሩ ደጀ ሰላም ገባን። ጠላው ተጣድፎ የተጠመቀ ኖሮ ገና ጉሽ ነበር፤ አተላው በዋንጫው አፍ ላይ ይንሳፈፋል። መሪያችን ተነሥቶ የኔታ ስለ ጉዟችን አስተያየት እንዲሰጡ ጠየቀ። የኔታ ዋንጫቸውን አንሥተው ውስጡን አዩና እንዲህ አሉ፦

"በማርያም ደጃፍ ላይ፣ ማን ይመልሰዋል፤
ሳይጠራ ቢመጣም፣ ሆድ ችሎ ይውጠዋል።"

ተማሪዎቹ "ይበል! ይደገም!" ብለው ጮኹ። የኔታ ደገሙት። መጀመሪያ "ሳይጠራ" ሲሉ "ጠ"ን አላልተው ነበር፤ ጠላው ገና ሳይጠራ ማለት ነው። ሁለተኛውን ግን "ጠ"ን አጠበቁት። ያን ጊዜ ጠላው ቀረና እኛው መጣን፤ ማንም ሳይጠራን፣ ጥቁር በር ተሸክመን። ሰሙ የጠላ ነው፤ ወርቁ እኛ ነን።

መሪያችን ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈው። በጽሑፍ ማጥበቅና ማላላት አይታይምና ወርቁ እዚያው ወረቀቱ ላይ ሞተ። ከዚያ ወደ ግዕዝ ክፍል ኃላፊ ዞረ።

"ምን ማለታቸው ነው?" አለኝ።

ቅኔውን የፈታሁት ከየኔታ አፍ ሳይወጣ እንደሆነ እዚያ ያለ ተማሪ ሁሉ ያውቃል። የኔታም አተላውን እያዩ ይጠብቃሉ። ወርቁን ብናገር የማን ተማሪ እንደሆንሁ ተናገርሁ ማለት ነው። ያቺ የአንድ ትንፋሽ ጊዜ ነበረች፤ ሰው የሚሆንባት ወይም ሳይሆን የሚቀርባት።

"ጠላው ሳይጠራ ስለቀረበ ይቅርታ እየጠየቁን ነው" አልሁ።

መሪያችን ልቡ ተነካ። ዋንጫውን ከፍ አድርጎ "ምንም አይደለም፣ የኔታ! እኛ ሳይጠራም ደስ ይለናል! ገና እንመላለሳለን!" አለ። እንዲያ ያለ ሣቅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰምቼ አላውቅም። አንድ ቄስ ተደግፈው ወጡ። የእኛ ሰዎች ደስታው መንፈሳዊ መስሏቸው እልል አሉ። የኔታ ብቻ አልሣቁም። ዋንጫቸውን ሳይቀምሱ መሬት ላይ አስቀመጡት።

ሪፖርታችን በታይፕ ተመትቶ አዲስ አበባ ተልኳል። "ከተገኙት ወጣቶች መካከል ፊደል የሚያውቅ አንድም አልነበረም፤ ዛሬ ግን እስከ 'መ' ደርሰዋል" ይላል። የየኔታ ግጥም ደግሞ በሐረግ ተከቦ በአዳራሻችን ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። አንድ ቀን አንድ መሪጌታ ገብተው አነበቡት፤ አንዴ አላልተው፣ አንዴ አጥብቀው። "ማን ሰቀለው?" አሉ። እኛ ነን አልናቸው። "እንዳታነሡት፤ እውነት ነው" ብለው ጥምጣማቸውን በእጃቸው ይዘው ወጡ።

ሪፖርቱ ውስጥ ያልገባ አንድ ነገር አለ። እሱንም እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርሁም።

በመጨረሻው ጠዋት ሌሎቹ ከካህናቱ መስቀል ሲሳለሙ፣ እኔ ሌሊቱን ስገላበጥ አድሬ ነበርና የኔታ ወደተቀመጡበት ድንጋይ ሄድሁ። ይስደቡኝ ብዬ ነው የሄድሁት። በከዘራቸው ቢመቱኝም ደስ ይለኝ ነበር። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል እሳቸው ከድንጋዩ ላይ ተነሡ። የኔታ ለተማሪ ተነሥተው አያውቁም፤ የሚነሡት ለአለቃና ለእንግዳ ነው።

ነጠላቸውን አስተካክለው "እግዜር ያክብርልን፤ ደክመው መጡልን። ሰሌዳው አልከበደዎትም?" አሉኝ።

በመንገድ ሁሉ ስፈራው የመጣሁት "አንተ" ሳይመጣ ቀረ። ጓደኞቼ እየሰሙ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ማንም ቢሰማ ግድ አልነበረኝም።

"የኔታ፣ እኔ ነኝ እኮ!" አልኋቸው።

ዓይናቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

"አውቄዎታለሁ" አሉኝ። "እርስዎ ነዎት።"