አንዱ ሌት

ባለፈው ሳምንት ልጄ ለሳይንስ የቤት ሥራዋ ከሩዝ ማሳው ቦይ ዳር የቱልት ቅጠል ቀጥፋ መጣችና፣ «እማዬ፣ የዚህ ጠርዝ ምን ይባላል?» ብላ ጠየቀችኝ። ዳር ዳሩ ከፍ ዝቅ የሚል፣ የተሞገደ ቅጠል ነው። ስሙን አውቀዋለሁ፤ ግን እስከ ዛሬ ያሳፍረኛልና «እንጃ» አልኋት።

ልጅ ሆኜ ወረታ ስማር የሳይንስ መምህራችን የቅጠል ጠርዝ ዓይነቶችን በቃላቸው ነገሩንና «አንዱሌት» የሚለውን ቃል ትርጉም ከነምንጩ ፈልገን፣ እንዲህ ያለ ቅጠልም ይዘን እንድንመጣ አዘዙን። እኔ የሰማሁት «አንዱ ሌት» ብዬ ነው። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ፍቺ የማያገኙለት ቃል ያለ አይመስለኝም ነበር። ጭቃ ጭቃ የሚሸት ቅጠሌን ተቀብለው አገላበጡትና፣ «አንዱ ሌት ማለት አንድ ሌሊት ነው» አሉ። «አንድም በአንድ ሌሊት ጠል ስለሚኮማተር፤ አንድም የርብ ወንዝ በአንድ ሌሊት ሞልቶ ስለሚያንገላታው።»

በማግስቱ ከሁሉ ቀድሜ እጄን አወጣሁ። አንድሙን ሳላጎድል በቃሌ ስወርደው ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ ቃሉ የላቲን መሆኑን፣ ሥሩም ማዕበል ማለት እንደሆነ ነገሩንና፣ «ይህን ማን ነገረሽ?» አሉኝ። ግማሹ ክፍል አባቴ ዘንድ ዳዊት የደገመ ነው። እንዴት አባቴን ላስቅባቸው?

«ማንም። ራሴ ነኝ» አልሁ።

አባቴ ደጅ ላይ ጠበቁኝ። «እህ፣ ምን አሉ መምህሩ?»

«ደስ አላቸው።»

ምሳዬን ሳልበላ ዋልሁ። በውሸቴ አፍሬ ይሁን ኮርቼ አላውቅም።

ያኔ ለአንድ ቃል ሌሊቱን እንጠብቅ ነበር። ልጄ ግን ስልኬን ከፍታ ስሙን ከነትርጉሙ ወዲያው አገኘችና ቅጠሏን ይዛ ወደ አያቷ ሮጠች። ልይዛት ስነሳ ደርሳለች። «አባባ፣ አንዱሌት ማዕበል ማለት ነው!»

አባቴ ቅጠሉን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ሳቁ። «አውቃለሁ። አንድም፣ አንድም እያለች የምታወራ ልጅ ራሴ ነኝ የፈታሁት ብትል ማን ያምናታል? የእናትሽ መምህር በሳምንቱ መጥተው አጫወቱኝ። እናትሽ ደስ አላቸው ስትለኝ ግን ፊቷ ይህን ቅጠል ይመስል ነበር።»

ሃያ ዓመት ሙሉ እኔ የሸፈንኋቸው ይመስለኝ ነበር። ለካ እሳቸው ኖረዋል የሸፈኑኝ። ልቤ ተነካ፤ ደግሞም ተናደድሁ።

ልጄ ደብተሯ ላይ «ማዕበል» ብላ ጻፈች። አባቴ ጎንበስ ብለው አዩላትና፣ «ከሥሩ አንድም አንድ ሌሊት ብለሽ ጨምሪበት» አሏት።

ነገ ክፍሉ ሊስቅባት ነው። ላስቆማት ብዬ አፌን ከፈትሁ፤ ከዚያ ግን እርሳስ ቀርጬ ሰጠኋት።