ለአባ ፊጣ የደረደርኳቸው ሰባት ወንበሮች

ትናንት የጥሪ ካርድ ደረሰኝ። ጤነኛ እርጅና እንዲኖር የሚያስተምር አንድ የጅማ ማኅበር የተመሠረተበትን ዓመት ሊያከብር ነው፤ እኔንም ከተጋባዦቹ ቆጥሮኛል። ከካርዱ ግርጌ በደማቅ ፊደል «በሰዓቱ ይገኙ» የሚል ተጽፏል። እሱን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። ልጄ ሰላማዊት ግን ካርዱን አይታ ወዲያው ስልኳን አወጣች።

«አባዬ፣ ባጃጅ በር ድረስ ይመጣልሃል። የጅሬንን ቁልቁለት እስከ ከተማው በእግሬ እወርዳለሁ እንዳትል።»

 ልቤ ግን ሰርቦ ሄዶ ነበር።

በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ላይ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት መምህር ሆኜ ከጅማ ወጣ ብላ ባለችው ትንሽ ከተማ ሰርቦ ተመደብኩ። ሥርዓት የምወድ ሰው ነበርኩ፤ ጠመኔዎቼን እንኳ በርዝመት ነበር የምደረድራቸው። የከተማዋ ድሬሰር፣ መርፌ ወጊና ቁስል አጣቢ የነበረው አቶ ወልዴ፣ አንድ ቀን እንዲህ አለኝ፦ «ጉልበቴን አመመኝ እያሉ ከሚመጡት ሽማግሌዎች ግማሾቹ መድኃኒት አያሻቸውም። በሽታቸው መቀመጥ ነው።»

ነገሩን ላስረዳ። በእኛ አገር ሽማግሌ የሚከበረው በማስቀመጥ ነው። ሊነሣ ሲል «ይቀመጡ» እንለዋለን። በእጁ የያዘውን እንቀበለዋለን። እንዲህ እንዲህ እያልን በመጨረሻ መንገዱንም እንቀበለዋለን። ስለዚህ ከአቶ ወልዴ ጋር አንዲት ትንሽ ማኅበር አቋቋምን። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሽማግሌዎቹ በእሱ ግቢ ይሰበሰባሉ፤ እሱ ስለ ጉልበትና ስለ ልብ ያስተምራል፤ እኔ ስም እመዘግባለሁ።

አባ ፊጣን ያወቅኩት እዚያ ነው። ሰባ ዓመት የሞላው ቡና ገበሬ ነበር። ክረምት ላይ ጭቃ አዳልጦት ቁርጭምጭሚቱ ዞረ። እግሩ ዳነ፤ ልጁን ተማምን ግን ድንጋጤው አልለቀቀውም። አባቱ ከቤት እንዳይወጣ ከዘራውን ሣጥን ውስጥ ቆለፈበት። ወደ እኛም የሚያመጣው በበቅሎ፣ ግራና ቀኝ ደግፎ ነበር። አንድ ዓርብ አባ ፊጣ በሰው ሁሉ ፊት ተማምን ጠየቀው።

«እስከ ቡና መሬቴ በእግሬ ብደርስስ?»

«ከደረሱ ከዘራው የእርስዎ ነው። ካልደረሱ ግን ሁለተኛ አይጠይቁኝ። ደጃፍ ላይ ይቀመጣሉ።»

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ።»

የማኅበራችን አንደኛ ዓመት ደርሶ ስለነበር በዓሉን በዚሁ ጉዞ እንድናከብር ሐሳብ አቀረብኩ። እንቅልፍ አጣሁ። መንገዱን በእርምጃ ለካሁ። ከትምህርት ቤቱ ክፍሎች ሰባት አግዳሚ ወንበሮች አውጥቼ በየርቀቱ አስቀመጥኩ። ፕሮግራም ጻፍኩ፦ ሁለት ሰዓት መነሣት፣ ሦስት ሰዓት መድረስ፣ አራት ሰዓት ተኩል ተመልሶ የእኔን ንግግር መስማት። ንግግሩ አራት ገጽ ነበር።

ቀኑ የኅዳር ቅዳሜ ነው። በየደጁ ሰሌን ላይ የተሰጣው ቡና ጠዋት ፀሐይ ሲያገኘው የሚሰጠው ኮምጠጥ ያለ ጣፋጭ ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። አባ ፊጣ እኔ የቆረጥኩለትን የባሕር ዛፍ በትር ይዞ ተነሣ። አቶ ወልዴ ከጎኔ ነው፤ ተማም ከኋላ በቅሎዋን ይስባል። ሃያ እርምጃ ሳንሄድ አዴ ፋጡማ ከአጥሯ ብቅ አለች፤ የእሱ እኩያ ናት።

«አንተ አባ ፊጣ፣ ልጅህ ፈታህ እንዴ?»

«ገመዱን በጥሼ ነው። አካም ጅርቱ? ኢጆሌን ነጋ? ሎን ነጋ?» አላት በኦሮምኛ፤ ደኅንነቷን፣ ልጆቿንና ከብቶቿን መጠየቁ ነው።

ልጆቹ ደኅና፣ ከብቶቹ ደኅና፣ የልጅ ልጆቹ ደኅና፣ አልሃምዱሊላህ። ከዚያ እሷ በተራዋ መጠየቅ ጀመረች። ቀጥሎ ያለው ቤትም እንዲሁ። ሰዓቴን አየሁ። ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ የመጀመሪያውን ወንበር እንኳ አላለፍንም።

«አባ ፊጣ፣ ጊዜው እየሄደ ነው» አልኩት።

«ባርሲሳ፣» አለኝ፤ በኦሮምኛ መምህር ማለቱ ነው፣ «ደጅ ያለውን ሰው ሰላም ሳይል የሚያልፍ ሬሳ ብቻ ነው።»

እኔ ግን በጄ አላልኩም። ሁለት ተማሪዎቼን በስውር ወደፊት ላክሁና በየቤቱ አስነገርኩ፦ አባ ፊጣ እስኪያልፍ ሰዉ ቤቱ ይቆይ። ያን ጊዜ የመምህር ቃል ይከበር ነበር፤ መንገዱ ጭር አለ። አባ ፊጣም ሳይቆም ሄደ። ደስ አለኝ፤ ፕሮግራሜን ልደርስበት ነው። ሦስተኛው ወንበር ጋ ስንደርስ ግን ጉልበቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ተቀመጠ። ፊቱ አመድ መሰለ።

ተማም በቅሎዋን አስጠጋ። «ይበቃዎታል አባቴ።»

አባ ፊጣ በቅሎዋን አላያትም። «ሰዉ የት ሄደ?» አለ። «ሰው ሞቷል?»

ልዋሸው አልቻልኩም። ነገርኩት። 

«ጥራቸው» አለ።

ፊሽካዬን ነፋሁ። ተማሪዎቹ ሮጡ። በሮች ተከፈቱ። አዴ ፋጡማ ከኋላችን በሳሕን ጩኮ ይዛ ደረሰች፤ ያ በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት ገና ሳይቀርበን ይሸታል። ሌሎቹም ተከትለው መጡ። ተቀምጦ ሰላምታ መቀበል ነውር ነውና አባ ፊጣ ተነሣ። በትሩን ተደግፎ ሰላም አለ፣ ጩኮውን ጎረሰ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው አጥር ሄደ።

አቶ ወልዴ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። «አየህ? አጥር ይዞ ስለ ጥጃው ሲጠይቅ ትንፋሹ ይመለሳል። የሚያርፈው ሰላም ሲል ነው።»

ቆጠርኩ፤ ከዚያ በኋላ አሥራ አራት ደጃፍ ቆመናል። ቀሪዎቹ አራት ወንበሮቼ ላይ የተቀመጠ የለም። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል አባ ፊጣ ቡና መሬቱ ገባ። ቀይ እሸት ቀጥፎ አፉ ውስጥ ከተተና ጣፋጩን መጠጠ። ዘወር ስል ተማም የለም፤ በቅሎዋን ጋልቦ ሄዷል። ተቀይሞ መሰለኝ። ጥቂት ቆይቶ ከዘራውን ይዞ ተመለሰ፤ በሁለት እጁ ለአባቱ ሰጠው።

«ሲመለሱ ይደገፉበት» አለ።

በቅሎዋ ባዶዋን ተከትላን ሰርቦ የገባነው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ንግግሬን ማንም አልጠየቀኝም። ሰኞ ወንበሮቹን ወደ ክፍላቸው መለስኩ።

ዛሬ በዕድሜ ከዚያን ጊዜው አባ ፊጣ እበልጣለሁ። ሰላማዊት ስልኳን ይዛ ባጃጁን ለስንት ሰዓት ልዘዝልህ ስትለኝ ተዪው አልኳት።

«ቁልቁለቱ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል እኮ አባዬ። በዓሉ ሦስት ሰዓት ነው፤ ትደክማለህ።»

«ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እወጣለሁ» አልኳት። «በመንገዱ ላይ ያሉትን ደጃፎች ቆጥሬያቸዋለሁ።»