ነጻው ዳታቤዝ የተሸጠ ሰሞን

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ጉሙ ከሚኒባሱ ጋር አብሮኝ የሚወርድ ይመስለኝ ነበር። ግማሹ ልቤ ያልጨረስኩት ግጥም ላይ፣ ግማሹ እዚያ ታች ያሉት ሽማግሌ የጨርቅ ነጋዴ ላይ ነበር። የጣቃዎቻቸውን መመዝገቢያ የሠራሁላቸው ፈረንጆች ለሁሉም በነጻ በለቀቁት ዳታቤዝ፣ ማለትም የመረጃ ማከማቻ ፕሮግራም ነው፤ የመጀመሪያ ሥራዬ። ያን ሰሞን የዳታቤዙን ሠሪዎች አንድ ግዙፍ የሶፍትዌር ኩባንያ ገዛቸው። ወሬውን በስልክ የነገርኳቸው እኔው ነኝ፤ እሳቸውም ወዲያው ኮምፒውተሩን አጥፍተው ተዉት።

"ባለቤት መጣበት አይደል? የሰው ሐቅ ሱቄ አይገባም" አሉኝ ገና ከበሩ።

"አባቴ፣ ኩባንያው የገዛው ሠሪዎቹን ነው። አንዴ የተለቀቀውን መንጠቅ አይችልም፤ ሲለቁት የአጠቃቀም ፈቃዱ ላይ እንዲያ ብለው ጽፈዋል።"

"ምንጩን የቆፈረው ሰው ቤቱን ቢሸጥም ውሃው አይሸጥም በለኛ።"

"እንደሱ ነው።"

ደጃፉ ላይ የተሰቀሉት ሽርጦች በቆላው ነፋስ ቀስ ብለው ሲነሱና ሲወድቁ፣ አይቼው የማላውቀውን ባሕር የማይ መሰለኝ።

"ቢሆንም ሐላል ይበሉኝ። ጻፍላቸው።"

"ለማን? ብዙ ናቸው፤ በየአገሩ ተበትነዋል። ስማቸውንም አላውቅ።"

"ግጥም ሲሆን እንቅልፍ የለህም፤ ደብዳቤ ሲሉህ ሰነፍክ" ብለው ሳቁ። "እንግዲያው ዱዓ ይደርሳቸዋል።"

መዳፋቸውን ዘርግተው የማያውቋቸውን ሰዎች በዕድሜና በልጅ መረቁ። ለገዛቸው ኩባንያም ልቡን እንዲያራራለት ለመኑ። ጣቃዎቹ መሃል ቆሜ አሚን አልኩ።

"በል አብራው" አሉኝ ወደ ኮምፒውተሩ እያመለከቱ።