ናዳው ከወረደ በኋላ ወደ ሊማሊሞ

ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከዳባት የተነሣሁት ወንድሜን ደሳለኝን ፍለጋ ነው። ጤፍ ጭኖ ሽሬ ወርዶ ነበር፤ እሑድ መግባት ነበረበት። ሰኞ ማታ ከደባርቅ የመጣ ነጋዴ፣ «ሊማሊሞ ላይ ናዳ ወርዷል፤ መኪናም ይዞ ሄዷል ይላሉ» አለን። እናቴ ከዚያ ወዲያ እህል አልቀመሰችም። ያኔ ሞባይል የሚባል ነገር አገራችን አልደረሰም፤ ያለው አማራጭ መሄድ ብቻ ነው።

ለአውቶቡስ ስድስት ብር ከፈልኩ። ሐምሌ ነውና መንገዱ ጭቃ ነው፤ በመስኮቱ ከጉም በቀር የሚታይ የለም። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ስለ በግ ገበያ ያወጉኛል። እሺ፣ እሺ እላለሁ እንጂ አንዱንም አልሰማሁ።

ደባርቅ፣ ሦስት ሰዓት

መናኸሪያው መውረድ ባልቻሉ መኪኖች ተጨናንቋል። አንዱን ሾፌር ስለ ወንድሜ ጠየቅሁት።

«ሰማያዊ አይሱዙ ነው የሚነዳው?» አለና ዐይኑን አሸሸ። «አንድ መኪና ገደል ገብቷል። የማን እንደሆነ ግን አላየሁም።»

ሻይ ቤት ገብቼ ዳቦ አዘዝኩ። ጥግ ላይ ጥምጥም ያሰሩ ሽማግሌ ነበሩ፤ ቄስ ፈንታ ይባላሉ፣ ዳዊት ያስተምራሉ። ልጃቸው ሙሉ ቁልቁለቱ ላይ፣ መንገድ ዳር ሻይ እንደምትሸጥና ወሬዋ እንደጠፋባቸው ነገሩኝ። በእግር ሊወርዱ ነው። አብረን ወጣን።

ቁልቁለቱ

ውሃው ከየገደሉ ይወርዳል። ድንጋይ በተንከባለለ ቁጥር ልቤ አብሮ ይወርዳል።

«የኔታ፣ እርስዎ አይፈሩም?»

«እንዴት አልፈራ ልጄ! ዳዊት እየደገምሁ እኮ ነው እግሬን የማነሣው።» ከጉሙ በላይ ብቅ ያለውን አምባ በዘንጋቸው አሳዩኝ። «‹ተራሮች ሳይወለዱ፥ ምድርም ዓለምም ሳይሠሩ፥ ከዘላለም እስከ ዘላለም ድረስ አንተ ነህ› ይላል። ይህም ተራራ የተወለደበት ቀን አለው። እሱ ግን መጀመሪያም የለው፣ መጨረሻም የለው።»

«ተራራውን የሚገዛው እሱ ከሆነ፣ ለምን ተወው ታዲያ?» አልኩ፤ ከአፌ አመለጠኝ።

አልተቆጡኝም። «ዛሬ ጠዋት እኔም ጠይቄዋለሁ። አልነገረኝም።»

ስድስት ሰዓት ገደማ ናዳው ጋ ደረስን። ቀይ አፈር መንገዱን ውጦታል፤ ሰዎች በአካፋ ይዝቃሉ። ከመካከላቸው አንዱ ቀና ሲል ደሳለኝ ነው! እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ። ገደል የገባው የሌላ ሰው መኪና ነበር፤ ሾፌሩም ዘሎ ተርፏል። አንገቱን አቅፌ ጮኬ አለቀስኩ።

«አንቺ፣ ዝም በይ» አለኝ በጆሮዬ። «መንገድ ዳር ያለው ሻይ ቤት ተደርምሷል። ሴትዮዋን አሁን ነው ያወጣናት።»

ዞር ስል ቄስ ፈንታ በነጠላ ከተሸፈነው አስከሬን አጠገብ ቆመዋል። ተንበርክከው ነጠላውን ገለጡና ከልጃቸው ፊት ላይ አፈሩን ጠረጉ። ከዚያ ፍትሐት ጀመሩ። የክርስትና ስሟ ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው ተቋረጠ። እንደገና ጀመሩ፤ ተቋረጠ። በሦስተኛው «ወለተ ማርያም» አሉ።

ከቀብር በኋላ ልንለያቸው ስንል እጃቸውን ሳምኩ።

«ንጉሥ ነው ልጄ» አሉኝ እንባቸውን ሳይጠርጉ። «ለቅሶዬንም ግን ይስማ።»

ዳባት፣ ረቡዕ

መንገዱ እስኪከፈት መኪናውን እዚያው ትተን፣ ደባርቅ አድረን ገባን። እናቴ መሬት ሳመች፤ እልል አለች። «ጸሎቴን ሰማኝ! ሰማኝ!»

ቁልቁለቱን ስወርድ የእግዚአብሔርን ጌትነት የምመዝነው በወንድሜ መኖርና መሞት ነበር፤ ቢሞት ኖሮ ምን እል እንደነበር አውቀዋለሁ። እኒያ አባት ግን ልጃቸውን አፈር አልብሰው፣ መልስ ሳያገኙ፣ ንጉሥ አሉት። እምነት ማለት ስጋት አለመኖር ይመስለኝ ነበር። አይደለም።

«እማዬ» አልኳት፣ «ልጃቸው የሞተችባቸው ቄስም እንዳንቺው ጸልየው ነበር።»

እልልታዋን አቆመች። ሁሉንም ነገርኳት። ተነሥታ ጥቁር ነጠላዋን ከሣጥን አወጣች።

«ነገ ይዘሽኝ ሂጂ» አለች። «ለቅሶ እንደርሳለን።»